የሠርግ ስጦታሽን ካርቶን ክፈቺው፦ ወደ ካናዳ ዕቃ ይዞ ስለመግባት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ባለቤቴ ካልጋሪ ነው የሚኖረው። አዲስ አበባ ከተጋባን 16 ወር ሆነን። ስፖንሰር አድርጎኝ ፕሮሰሱ አሁን አልቋል፣ ከሁለት ወር በኋላ እሄዳለሁ። ለሠርጌ የተሰጡኝ ዕቃዎች አሉ፤ ሲኒ፣ ሳህን፣ ድስት፣ ብርድ ልብስ። እናቴ ለአዲሱ ቤትሽ ነው ብላ ስላስቀመጠችው አብዛኛው ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። ወርቅም አለኝ። ሶፋና ቡፌ፣ መሶብ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የእናቴ ሲንጀር፣ የአያቴ የብር መስቀል፣ ጀበና። የካናዳ ጉምሩክ ቀረጥ ያስከፍለኛል? በኮንቴይነር ልላከው ወይስ ሸጬው ልሂድ?»

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ፤ «አልተከፈተም» የሚለው ላይ። ቅድሚያ እሱን እንጨርስ፣ ሶፋው ይደርሳል።

እኔ አዲስ አበባ ትራንዚተር ነበርኩ። አሁን እዚህ ካናዳ የምሠራው አዲስ የሚገቡ ሰዎችን ዕቃ ከጉምሩክ ማስለቀቅ ነው። ካናዳ ለመኖር የሚመጣን ሰው ጉምሩኩ «ሴትለር» ይለዋል። ሴትለር የግልና የቤት ዕቃውን ያለ ቀረጥ፣ ያለ ታክስ ያስገባል። ግን ዕቃው ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። ያንቺ መሆን አለበት። በእጅሽ የነበረ መሆን አለበት። እና የተጠቀምሽበት መሆን አለበት። ሦስቱም ካናዳ ከመግባትሽ በፊት።

የኛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቀላሉ ያልፍና ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ምን ይደረግ፣ እኛ ቤት አዲስ ዕቃ ይከበራል። ሲኒው ከነካርቶኑ ቡፌ ላይ ተቀምጦ ዓመት ይሞላዋል፤ ለፋሲካ እንኳ አይወርድም፣ የሚጠጣው በዚያው ጆሮው በተሰበረው ነው። ጉምሩኩ ግን ያልተከፈተ ካርቶን ሲያይ የሚያየው የሙሽራ ዕቃ ሳይሆን ሸቀጥ ነው።

«ለሙሽራ የተለየ ሕግ አለ» ያለሽ ሰው ካለ አልዋሸሽም። አለ። የሠርግ ስጦታ ሳይጠቀሙበትም ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ለሙሽራዋ የተዘጋጀ የጎጆ መውጫ የቤት ዕቃም እንደዚያው። ችግሩ ጊዜው ነው። ወደ ካናዳ ከመምጣትሽ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ያገባሽ መሆን አለብሽ፣ ወይም ከገባሽ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ የምታገቢ። አንቺ 16 ወር አልፎሻል። ስፖንሰር ተደርገው የሚመጡ ባለትዳሮች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚቀሩት፤ ወረቀቱ ራሱ ከሦስት ወር በላይ ይፈጃላ። ሕጉ በግማሽ ጆሮ ይሰማና ካርቶኑ እንደታሸገ ይጫናል፣ ከዚያ እዚህ ሲደርስ እኔ ቢሮ ጭቅጭቅ ነው።

ስለዚህ ክፈቺው። ሁለት ወር አለሽ። በሲኒው ቡና አፍይበት፣ በድስቱ ወጥ ሥሪበት፣ ብርድ ልብሱን ልበሺው። ካርቶን ቀድዶ መልሶ ማሸግ ማለቴ አይደለም፣ ከምርሽ ተጠቀሚበት። እናትሽ ቅር ይላቸው ይሆናል። ንገሪያቸው፣ ዕቃው ሳይነካ ቢሄድ ልጃቸው እንደ ነጋዴ ትከፍልበታለች። ደረሰኝ ያለውን ደረሰኙን ያዢ። ስጦታ ስለሆነ ደረሰኝ የሌለውን ደግሞ የሠርጉ ፎቶና ቪዲዮ አለልሽ አይደል፤ ከማን መቼ እንደመጣ ያሳይልሻል። እንዲያውም ቤት ውስጥ ስትጠቀሚበት በስልክሽ አንድ ሁለት ፎቶ አንሺ። ማንም ላይጠይቅሽ ይችላል። ከጠየቀሽ ግን በእጅሽ ይኑር።

ነፃ ያልሆነ ዕቃ ምን ያስከፍላል ካልሽ፣ ቀረጡ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። በዚያ ላይ ታክስ አለ። ካልጋሪ በመሆንሽ ትንሽ ዕድለኛ ነሽ፤ ካልጋሪ ባለችበት በአልበርታ ክፍለ ሀገር 5 በመቶው ጂኤስቲ የሚሉት የፌዴራል የሽያጭ ታክስ ብቻ ነው፣ ቶሮንቶ ብትሆኚ 13 በመቶ ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

ካናዳ ስትገቢ ዝርዝር ታቀርቢያለሽ። ዝርዝሩ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አብሮሽ የመጣው ዕቃ ነው፣ ሻንጣሽ ውስጥ ያለውም ያደረግሽው ወርቅም። ሁለተኛው በኋላ የሚመጣው ነው፣ በነሱ አጠራር «ጉድስ ቱ ፎሎው»። ቅጹ ቢኤስኤፍ 186 ይባላል፤ የቆየ ሰው ግን እስካሁን ቢ ፎር ነው የሚለው። ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ያልሰፈረ ዕቃ በኋላ ሲመጣ ነፃ ነው ብለሽ ልትከራከሪ አትችይም። አብሮሽ የመጣ ዕቃ ባይኖርሽም፣ ገና ያልወሰንሽበት ቢሆንም፣ ምናልባት አንድ ቀን አስመጣዋለሁ የምትይው ሁሉ እዚያ ይግባ። ጽፈሽ ባታስመጪው ማንም አይጠይቅሽም።

እኔ ስመጣ የያዝኩት ሁለት ሻንጣ ነበር። የጉምሩክ መኮንኗ «ኋላ የሚመጣ ዕቃ አለህ?» ስትለኝ «የለም» አልኩ። የስንት ሰው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስሞላ የኖርኩ ሰው! ደክሞኝ ነበር፣ ከ13 ሰዓት በላይ ተቀምጬ እግሬ አብጦ፣ ቶሎ ልውጣ ብዬ ነው። በሰባተኛው ወር ታላቅ እህቴ ሳሎኔ ውስጥ ስድስት ዓመት የተነጠፈውን ምንጣፍ ላከችልኝ። የራሴን ምንጣፍ፣ ቡና የፈሰሰበት እድፍ ሳይቀር ያለበትን፣ ቀረጥና ታክስ ከፍዬ አወጣሁት።

ያንቺ ጉዳይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያወርድሽ ቶሮንቶ ነው፣ ከዚያ ወደ ካልጋሪ ሌላ አውሮፕላን ትይዣለሽ። ኢሚግሬሽኑም ጉምሩኩም መጀመሪያ በረገጥሽው አየር ማረፊያ ነው የሚያልቀው፣ ማለትም ቶሮንቶ። «ካልጋሪ ስደርስ አስሞላዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። ኮኔክሽን ያመልጠኛል ብለው ዝርዝሩን በቦርሳቸው እንደያዙ ሮጠው የሚያልፉ አሉ፤ እንዳታደርጊው። ባለቤትሽ ቲኬቱን ሲቆርጥ በመሃል ቢያንስ አራት ሰዓት ይተው በይው። ቅጹ ላይ ማኅተም ተደርጎ ኮፒ ይሰጥሻል። ያቺን ወረቀት ከፓስፖርትሽ እኩል ጠብቂያት፤ ዕቃው ካልጋሪ ሲደርስ የምታወጪው በሷ ነው።

ዝርዝሩን እዚያው አዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ታይፕ አድርጊና ሁለት ኮፒ ያዢ። ዋጋውን በካናዳ ዶላር ጻፊ፣ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን። ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ማርካ፣ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥሩ ይግባ። «የወጥ ቤት ዕቃ፣ 1 ካርቶን» ብለሽ አትለፊው። ድስት 4፣ የሸክላ ሳህን 12፣ የቡና ሲኒ 24፣ እንዲህ። ካርቶኖቹ ላይ ቁጥር ጻፊና ዝርዝሩ ላይም ያንኑ ቁጥር አድርጊ። መኮንኑ ካርቶን ቁጥር 5ን ክፈቱልኝ ሲል ውስጡ ያለው ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ ብዙ ጊዜ ስድስተኛውን አይነካውም።

ወርቁን በእጅሽ ያዢው፣ በጭነት በፍጹም አትላኪው። የግል ጌጥ ነው፣ ያንቺ ከሆነና ስታደርጊው ከነበረ ቀረጥ የለበትም። ግን ለያንዳንዱ ፎቶ ይኑርሽ፣ ካንድ ወርቅ ቤት ደግሞ ግራሙንና ካራቱን ያስጻፈ፣ የተፈረመበትና ቀን ያለው ወረቀት አውጪ። ይሄ ለመግቢያ ብቻ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አገር ቤት ደርሰሽ ስትመለሺ «ይሄን ሀብል እዚያ ገዝተሽው ነው?» እንዳትባይ ነው።

አሁን ወደ ሶፋው እንምጣ።

«ቀረጥ ነፃ» ማለት «ወጪ የለውም» ማለት አይደለም። አንቺ የፈራሽው ጉምሩኩን ነው፣ ገንዘብሽን የሚጨርሰው ግን ማጓጓዣው ነው። በመርከብ ከሆነ ዕቃሽ በመኪና ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር አንድ ኮንቴይነር ይጋራል፣ ሌላ ወደብ ላይ መርከብ ይቀይራል፣ ካናዳ ወደብ ይደርስና ከዚያ በባቡር ካልጋሪ። ከ2023 መጨረሻ የቀይ ባሕሩ ጥቃት ከጀመረ ወዲህ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች አቅጣጫ ቀይረው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲዞሩ ነበር፣ ጊዜውም ዋጋውም ሲለዋወጥ ከርሟል። ዋጋ ስትጠይቂ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀሽ ጠይቂ፦ እስከ ወደብ ነው ወይስ እስከ ቤቴ በር? አዲስ አበባ የሚነገርሽ ረከስ ያለ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ወደብ ነው። እዚህ ሲደርስ የተርሚናል፣ የመጋዘን፣ የዶክመንት፣ የፍተሻ እያለ የሚቀጥል ሂሳብ አለ። ጉምሩኩ ኮንቴይነሩ ይፈተሽ ካለ ወጪው ያንቺ ነው። መጋዘን ውስጥ ባደረ ቁጥር ደግሞ ኪራይ ይቆጥራል።

ሶፋውን ሽጪው። ቡፌውንም። ካልጋሪ ውስጥ ከቤት የሚለቅ ሰው ደህና ሶፋ በትንሽ ብር፣ አንዳንዴም በነፃ «ኑና ውሰዱ» ይላል። እናትሽ ቤት አርባ ዓመት የቆየ የዋንዛ ቡፌ ነው ካልሽኝ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ሂሳብ አይሠራም።

መሶቡ ላይ ደግሞ አንድ ሂሳብ ላሳይሽ። በአየር ካርጎ የሚከፈለው በሚዛኑ ብቻ አይደለም። ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ በሳንቲ ሜትር ይባዛና ለ6000 ይካፈላል፤ ከሚዛኑ ኪሎ ጋር ተነጻጽሮ የበለጠው ይወሰዳል። ትልቅ መሶብ ከነክዳኑ ታሽጎ 60 በ60 በ90 ቢሆን 324,000 ይመጣል። ለ6000 ስታካፍይው 54። ሚዛን ላይ አምስት ኪሎ የማይሞላ ነገር የ54 ኪሎ ሊያስከፍልሽ ነው። መፍትሔው ባዶውን አለመላክ ነው። ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን፣ ነጠላውን ውስጡ ጠቅጥቂው። ከዚያ በፊት ግን መሶቡን በፀሐይ አራግፊው፤ ስፌቱ ውስጥ የጤፍ ፍሬ ወይም ነቀዝ ከተገኘ የእርሻ ቁጥጥሩ ሰዎች ይይዙታል። ትንንሹን ሌማትና ሰፌድ ሻንጣ ውስጥ ጠፍጥፎ መክተት ይቻላል።

ምጣዱን ተይው። ቀረጥ የለበትም፣ ግን እዚህ ምንም አይሠራልሽም። የኛ 220 ቮልት ነው፣ እዚህ ግድግዳው ላይ የሚወጣው 120። ተራ ሶኬት ደግሞ 15 አምፒር ነው፣ ከ1800 ዋት በላይ አይሸከምም። 3500 ዋት ገደማ የሚፈልግ ምጣድ በ120 ቮልት ላይ ብትሰኪው የኃይሉን ሲሶ እንኳ አያወጣም፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። እዚህ ያለው ሐበሻ የሚጋግረው በክብ ባለ 16 ኢንች የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው፣ ባለቤትሽን ጠይቂው፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለው። በዚያው ሂሳብ የቡና መፍጫሽን፣ ካውያሽን፣ ስቶቭሽን እዚያው ለሰው ስጪ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ችግር የለውም።

ሲንጀሩ የእግር ከሆነ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፣ ግን ብረት ነው፣ ይከብዳል። እኔ ብሆን ጭንቅላቱን ብቻ ፈትቼ እልክ ነበር። ለቤት የምትሰፊበት ከሆነ የቤት ዕቃ ነው። ሱቅ ከፍተሽ ገንዘብ ስትሠሪበት ከነበረ ግን ለንግድ የዋለ ዕቃ ስለሚሆን በዚሁ ነፃ መብት ውስጥ አይገባም። በነገራችን ላይ እናትሽ ናቸው ባለቤቱ ወይስ ላንቺ ሰጥተውሻል? የሰጡሽ ከሆነ ከመሄድሽ በፊት ያንቺ ይሁን፣ ስፊበትም።

አንድ የማሸጊያ ነገር። ሰፈር ያለ አናጢ ጥሩ ሣጥን ይሠራልሽ ይሆናል፣ ግን በጥሬ እንጨት የተሠራ ማሸጊያ ካናዳ አይገባም። በሙቀት ወይም በመድኃኒት የታከመና የስንዴ ዛላ ምስል ያለበት ዓለም አቀፍ ማኅተም የተመታበት መሆን አለበት። ካርቶን ይሻልሻል። ኢንሹራንስ የምትገቢ ከሆነም ልብ በይ፤ አንቺ ራስሽ ያሸግሽው ካርቶን ውስጥ የተሰበረ ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ አይካስም፣ ላኪው ድርጅት ያሸገው እንጂ።

የአያትሽ መስቀል የካናዳ ጉዳይ አይደለም፣ የቦሌ ጉዳይ ነው። ያረጀ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ ሥዕል ያለው ነገር ከአገር ሲወጣ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያስፈልገዋል። አስቀድመሽ ወስደሽ አሳዪያቸው። በጉዞሽ ማታ ፍተሻ ላይ ቆመሽ ለማስረዳት አትሞክሪ፤ እዚያ ላይ የብዙ አያቶች መስቀል ቀርቷል።

ምግብ ላይ ብዙ አልልሽም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና አስመዝግበሽ ያዢ። ቋንጣ አትያዢ። «ትንሽ ናት» ብለሽ የደበቅሽው ነገር ከተገኘ ቅጣቱ ከዕቃው ይበልጣል፤ ብትናገሪው ግን ቢበዛ ይወሰድብሻል፣ በቃ። አረቄ ከሆነ እስከ 1.14 ሊትር። ገንዘብ ደግሞ 10,000 የካናዳ ዶላርና ከዚያ በላይ ከያዝሽ ታሳውቂያለሽ፤ ማሳወቁ ቀረጥ አያስከፍልም፣ አለማሳወቁ ነው የሚያስወርሰው።

አሁን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው መከራ፦ የሰው ዕቃ። እንደምትሄጂ ከተሰማ የባልሽ አክስት፣ የጎረቤት ልጅ፣ የማታውቂው የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ «ይቺን ብቻ» ይልሻል። የነፃው መብት ያንቺ ለሆነ ዕቃ ነው። ባለቤትሽ ድሮ ካናዳ ስለገባ እሱም ሴትለር አይደለም፤ «ለሱ ነው» ያልሽው አዲስ ጫማ ስጦታ ነው የሚሆነው። ለሌላ ሰው የምትወስጂው ስጦታ ለያንዳንዱ ከ60 የካናዳ ዶላር ካልበለጠ ያልፋል። ከዚያ የሚበልጠውን ባለቤቱ ራሱ ይላከው። የታሸገ ነገር ደግሞ ፊትሽ ሳይከፈት አትቀበይ። የደረቀ ጫት በሻይ ቅጠል ማሸጊያ ተደርጎ «የእናቱ ሻይ ነው» ተብሎ የተሰጣት ልጅ ፋይል በእጄ አልፏል፤ ጫት ማስገባት ካናዳ ውስጥ ወንጀል ነው። «አላውቅም ነበር» ያልሽውን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሰማሽ የለም። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም፣ «ኪሎዬ ሞልቷል» በይና ተገላገይ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ነፃ ያስገባሽውን ዕቃ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ብትሸጪው ወይም ለሰው ብትሰጪው ቀረጡን ትጠየቂያለሽ። ስለዚህ «እዚያ ወስጄ ለሐበሻ እሸጠዋለሁ» ብለሽ ሁለት ደርዘን ሲኒ ጨምረሽ ከሆነ ቀንሺው።

በኔ ሂሳብ ያንቺ ዕቃ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሶፋ፣ ቡፌና ምጣድ ይሸጣሉ። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣሽ ውስጥ ልብስና ድስት። መሶቡ፣ የሲንጀሩ ጭንቅላትና የሸክላ ሳህኖቹ በአየር ካርጎ፣ ሦስት አራት ካርቶን ቢሆን ነው። ኮንቴይነር ምን ያደርግልሻል።

ጀበናውን በእጅ ሻንጣሽ ያዢው። ሰባት ኪሎ ይፈቀድልሻል፣ ጀበና ሁለት ኪሎም አይሞላም። አተላውን በደንብ አጥቢና አድርቂው፣ ውስጡን በካልሲ ሙዪው፣ አንገቱን በነጠላ ጠቅልይው፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ አንገቱ ጋ ነው። ፍተሻ ላይ ማሽኑ ውስጥ ሲያዩት ግር ይላቸዋል። ቶሮንቶ ላይ አንዱ መኮንን ምንድነው ቢልሽ «ኮፊ ፖት» በይው፣ ዝርዝሩ ላይም እንዲሁ ጻፊው፦ የሸክላ የቡና ጀበና፣ 1፣ ያገለገለ።